አጭር መብራትህ ወዴት ነው የሚያየው?

(በማኅበራችን አዳራሽ በእሑዱ ስብሰባ ላይ ስለ ሞተር ሳይክል የፊት መብራት የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ ሞተር መብራት ጥቂት ቃል እንድናገር ሲጠይቀኝ፣ በመጀመሪያ «ይሄ ደግሞ ስብሰባ የሚያስጠራ ጉዳይ ነው ወይ?» ብዬ ነበር። የውሃው ጉዳይ አለ፣ የጎርፍ ቦዩ አለ፣ የቆሻሻው ነገር አለ። ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው ግን ከማንም ይልቅ እኔ ልናገረው የሚገባ ሆኖ አገኘሁት። ለምን እንደሆነ አሁን ትሰሙታላችሁ።

እንደሚታወቀው ከተማችን ሐዋሳ ሜዳ ናት። ሜዳ በመሆኗም ብስክሌቱ፣ ሞተሩ፣ ባጃጁ፣ መኪናውና እግረኛው ሁሉ በአንድ መንገድ ላይ ይተላለፍባታል። በእኛ አገር ደግሞ ጀምበር ከጠለቀች ጨለማው አይዘገይም፤ አሁን የሰው ፊት ይለይ የነበረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጥላ ብቻ ይሆናል። በዚህ ሰዓት ነው እንግዲህ ሠራተኛው ከሥራ፣ ተማሪው ከማታ ትምህርት፣ እናቶች ከገበያ የሚመለሱት።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በመንገድ ላይ ከፊት ለፊት በመጣ መብራት ዓይኑ ጭልም ያለበት ሰው እጁን ያውጣ። ... ይኸው፣ ሁላችሁም አወጣችሁ። በሉ አሁን ደግሞ የእኔ መብራት ሰው ያስቸግራል የሚል እጁን ያውጣ። ... አያችሁ? አንድም የለም። ታዲያ ሁላችንን የሚያስቸግረን መብራት የማን ነው? ከሰማይ አይመጣ! የአበው ተረት እንደሚለው፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

የደረሰውን ልንገራችሁ። ልጁም እናቱም እዚህ ተቀምጠዋል፤ ፈቅደውልኝ ነው የምናገረው።

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ በሰኔ ወር፣ ዝናብ ባባራበት ምሽት ነው። ከገበያ 50 ኪሎ ጤፍ በሞተሬ የኋላ መቀመጫ ላይ ጭኜ ወደ ቤት እመለሳለሁ። መንገዱ እርጥብ ነው፤ አስፋልቱ እንደ መስታወት ያበራል። አልሮጥኩም፤ በ30 ብሄድ ነው። መብራቴን እንደ ደንቡ አጭር ላይ አድርጌዋለሁ። ከፊት ለፊቴ አንድ ብስክሌት መጣ። አጠገቤ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ብስክሌቱ ወደ ቀኙ ዘንበል አለ፤ ከዚያ ጠፋ። የሰማሁት የቆርቆሮ ድምፅና የልጅ ጩኸት ነው። ክዳን በሌለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ገብቷል።

ሞተሬን ጥዬ ሮጥኩ። የጎረቤቴ ልጅ ሆኖ አገኘሁት፤ ቅልጥሙ ተሰብሯል። እና እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ? «ምነው ልጄ፣ ወዴት እያየህ ነው የምትነዳው?» ብዬ ተቆጣሁት። እሱም እያቃሰተ፣ «ጋሼ፣ ምንም አላየሁም እኮ፤ ብርሃን ብቻ ነበር» አለኝ። ማመካኛ መሰለኝ። ሐኪም ቤት አደረስነው፤ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ተኛሁ። በሕሊናዬ ምንም የሚቆረቁረኝ ነገር አልነበረም፤ መብራቴ አጭር ላይ ነበራ!

በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ሄድኩ። ቡና ከተጠጣ በኋላ አባቱ ቀስ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ከፋኝ ብዬ አይደለም፤ ማታ ሞተርህንና ያን ጤፍ አምጣና አንድ ነገር እንሞክር» አለኝ። አመጣሁ። ጤፉን እንደዚያ ቀን ጫንነው፤ እሱ መሪውን ይዞ ተቀመጠበት። እኔ 40 እርምጃ ያህል ርቄ ቆምኩ። ሞተሩን አስነስቶ መብራቱን አበራው። ዓይኔን በእጄ ጋረድኩና፣ «ረጅሙን እኮ ነው ያበራኸው፣ ዝቅ አድርገው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «ዝቅ ብሏል!» አለኝ። «አጭር ላይ ነው?» «አጭር ላይ ነው!» እኔ አላመንኩም፤ ሄጄ ማብሪያውን በእጄ ነካሁት። አጭር ላይ ነበር።

ዛሬ ከእኔ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህችን ያዙልኝ። መብራትን አጭር ላይ ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ጥያቄው፣ አጭሩ ራሱ ወዴት ነው የሚያየው? የሚል ነው። ፋናው ቀና ብሎ ከታሰረ አጭሩም ረጅም ነው። ነጂው ግን አያውቀውም፤ ምክንያቱም ከመቀመጫው ላይ ሆኖ የሚያየው መንገዱን እንጂ የራሱን መብራት አይደለም። እንዲያውም መብራቱ ቀና ሲል ርቆ ስለሚታየው «ጥሩ መብራት አለኝ» ብሎ ይደሰታል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

ነገሩ የሚገባው በሂሳብ ነውና አብራችሁኝ አስሉ። የአንድ ሞተር መብራት ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል እንበል። ብርሃኑ በየአንዳንዱ ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ እንዲሄድ ከተስተካከለ፣ የላይኛው ጠርዝ 80 ሜትር ላይ መሬት ይነካል። ከዚያ ወዲህ ያለው ብርሃን ሁሉ መንገዱን ያሳያል፤ የሰው ፊት ላይ አይወጣም። ይሄ መልካም ነው።

አሁን ከኋላ 50 ኪሎ እንጫን፤ ወይም አንድ ሰው እናፈናጥጥ። የኋላው ሞላ ይረግጣል፤ የሞተሩ አፍንጫ ቀና ይላል። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል በትንሽ ሞተር ላይ 1 ሜትር ከ25 ያህል ነው። የኋላው ከፊተኛው በ4 ሴንቲ ሜትር ብቻ በልጦ ቢወርድ፣ መብራቱ በየአንዳንዱ ሜትር ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደ ላይ ይነሳል። ቀድሞ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይል የነበረው አሁን 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ እያለ ይሄዳል ማለት ነው። በ30 ሜትር ላይ ስንት ሆነ? 60 ሴንቲ ሜትር። መነሻውን 80 ጨምሩበት፤ 1 ሜትር ከ40። ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ልጅ ዓይኑ የት ነው? እዚያው ነው። አራት ሴንቲ ሜትር እኮ የአውራ ጣት ርዝመት እንኳ አትሞላም! የዚያን ልጅ እግር የሰበረችው ግን እሷ ናት።

በዚያ ላይ መንገዱ እርጥብ ነበር ብያችኋለሁ። ደረቅ አስፋልት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትነውና ከፊሉን ወደ ራሱ ወደ ነጂው ይመልሰዋል፤ ለዚህም ነው መንገዱ የሚታየን። ውሃ የተኛበት አስፋልት ግን ብርሃኑን እንደ መስታወት ወደ ፊት ይወረውረዋል። ስለዚህ በክረምት ነጂው «ዛሬ መብራቴ ደከመብኝ» ይላል፤ ከፊት ለፊት የሚመጣው ደግሞ በእጥፍ ይጨነቃል። ነጂው ደክሞብኛል ብሎ ረጅሙን ሲያበራ ነገሩ ሁሉ ይብሳል።

ስለ ዓይንም ትንሽ ልበል። በጨለማ ውስጥ የዓይናችን ብሌን ሰፋ ይላል። ድንገት ኃይለኛ ብርሃን ሲገባ ብሌኑ ወዲያው ይጠባል። ብርሃኑ ካለፈ በኋላ ግን ዓይን ወደ ጨለማው ለመመለስ ሰከንዶች ይፈጅበታል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ በሦስት ሰከንድ 33 ሜትር። ይህን ያህል መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ ሄደ ቁጠሩት። በዕድሜ ለገፋን ደግሞ ይብሳል፤ የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ በተለይም ሞራ የጀመረው ሰው ላይ፣ ብርሃኑ በዓይን ውስጥ ይበተናል። አባቶቻችን በምሽት መንዳት እየተዉ የመጡት ፈርተው ብቻ አይደለም፤ እኛ አስገድደናቸው ነው።

እግረኛውንም አትርሱት። ሁለት መብራቶች ፊት ለፊት ሲገናኙ በመካከላቸው የሚሻገር ሰው ይጠፋል። አጠገባችሁ ቆሞ እንኳ አይታያችሁም። ልጅ አዝላ የምትሻገር እናት «መብራት አለ፤ ያዩኛል» ብላ ታስባለች፤ እነሱ ግን የሚያዩት የእርስ በርሳቸውን መብራት እንጂ እሷን አይደለም።

እንግዲህ ችግሩን ይህን ያህል ካልን ወደ መፍትሔው እንሂድ። ደስ የሚለው፣ ሥራው ቀላል ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ ጠመኔ፣ ሜትር፣ ካቻቪቴ፣ አንድ ሁለት ቁልፍና አንድ ረዳት ይበቃል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከ15 ደቂቃም አያልፍም። አሠራሩን በተራ እናገራለሁ፤ ወጣቶች ብትጽፉት ደግ ነው።

አንደኛ፤ መብራቱን ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩን አዘጋጁት። የሁለቱም ጎማ ንፋስ ልኩን ይሁን። የኋላ ጎማው ንፋስ ከጎደለው የኋላው ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የምታስተካክሉት መብራቱን ሳይሆን የጎማውን ጉድለት ይሆናል። የመብራቱን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ አጽዱት፤ ጭቃና አቧራ ብርሃኑን ወደ ላይም ወደ ጎንም ይበትነዋል። ፋናው ራሱ እንዳይነቃነቅ ያዙትና ሞክሩት። ቡሎኑ የላላ ፋና በየጉድጓዱ ሲዘል ዛሬ ብታስተካክሉት ነገ ይመለሳል።

ሁለተኛ፤ ሞተሩን ለጥ ባለ መሬት ላይ ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት አቁሙት። መቆሚያው ላይ አታቁሙት፤ በሁለት ጎማው ይቁም፤ ረዳታችሁ ከኋላ ይያዘው፤ መሪው ቀጥ ይበል። ዋናው ነገር፣ የሚነዳው ሰው ራሱ ይቀመጥበት። ባዶ ሞተር ላይ የተስተካከለ መብራት ሰው ሲቀመጥበት ሌላ ነው። ሁልጊዜ ማታ ሚስትህን አፈናጥጠህ የምትመለስ ከሆነ እሷም ትቀመጥ። ሁልጊዜ ዕቃ የምትጭን ከሆነ ዕቃው ይጫን። መብራት የሚስተካከለው ለሚነዱበት ሁኔታ ነው።

ሦስተኛ፤ ሞተሩን ግድግዳው ድረስ አስጠጉትና የመብራቱን መሐል ትክክል ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ 5 ሜትር ተመለሱ። ከምልክቱ በታች 5 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ አግድም መስመር አስምሩ። አጭሩን መብራት አብሩ። የደመቀው ብርሃን የላይኛው ጠርዝ በዚያ መስመር ላይ ወይም ከመስመሩ ጥቂት ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። 5 ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር፤ በሜትር አንድ ሴንቲ ማለት ነው። 10 ሜትር ቦታ ያለው ሰው በ10 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ብሎ ቢያደርገው ይበልጥ ትክክል ይሆንለታል።

ይህ ከራሴ ያመጣሁት ልክ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ ኤኮኖሚ ኮሚሽን ያወጣው ቁጥር 53 የሚባል የሞተር ሳይክል መብራት ደንብ አለ፤ ብዙ አገሮች ይሠሩበታል። በዚያ ደንብ መሠረት የአጭር መብራት ጠርዝ ከመቶ 0.5 እስከ 2.5 ዝቅ ማለት አለበት። በ5 ሜትር ስንለውጠው ከ2.5 እስከ 12.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እኛ 5 ያልነው በዚያ መካከል ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «እንግዲያው ሰው እንዳላስቸግር» ብላችሁ ፋናውን አብዝታችሁ አትድፉት። ከ12 ሴንቲ በላይ ከወረደ ብርሃኑ 30 ሜትር ያህል ላይ ያልቃል። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው ጉድጓድ ወይም አህያ አይቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ እስኪቆም ድረስ ይህንኑ ያህል መንገድ ይፈልጋል። ሌላውን አድናለሁ ብላችሁ እናንተ እንዳትጎዱ።

አራተኛ፤ ማስተካከሉ። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ፋናው በግራና በቀኝ በሁለት ቡሎን ተይዟል፤ ከሥሩም አንድ ማስተካከያ ቡሎን ይኖረዋል። የጎኖቹን አላሉ፣ ፋናውን በእጅ ወይም በሥረኛው ቡሎን ዝቅ ከፍ አድርጉና መልሳችሁ አጥብቁ። ፊቱ በፕላስቲክ በተሸፈነው ሞተር ላይ ደግሞ ከፋናው ጀርባ በካቻቪቴ የሚዞር ማስተካከያ አለ። ካጠበቃችሁ በኋላ ነጂው ሞተሩን ሁለት ሦስት ጊዜ በክብደቱ ረገጥ ረገጥ ያድርገው፤ ጠርዙ ከመስመሩ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ነው። ረጅሙን ለብቻው ላስተካክል ብላችሁ አትድከሙ፤ አጭሩና ረጅሙ በአንድ ፋና ውስጥ ከሆኑ አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት። አጭሩን ካስተካከላችሁ ረጅሙ ቦታውን ያገኛል።

አምስተኛ፤ የኋላው ሞላ። በብዙ ሞተሮች የኋላ ሞላ ሥር ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አለ። በቆልማማ ቁልፍ ሲዞር ሞላውን ያጠነክረዋል ወይም ያላላዋል። ብቻችሁን ስትሄዱ አላሉት፤ ሰው ወይም ጭነት ሲኖር አጠንክሩት። ያን ጊዜ የኋላው ብዙ አይረግጥም፤ መብራቱም ቀና አይልም። እኔ ሞተሩን ስድስት ዓመት ስነዳ ይህ ቀለበት ለምን እንደ ተሠራ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ሁለት ደረጃ አዙሬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልነግራችሁም።

ስድስተኛ፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ እኔና ጎረቤቴ እንዳደረግነው አድርጉ። ነጂው በሞተሩ ላይ ይቀመጥ፤ መኪና በማይመጣበት ቦታ አንድ ሰው 30 ሜትር ርቆ ይቁም። ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። የራሳችሁን መብራት በራሳችሁ ዓይን ሳታዩ «ተስተካክሏል» አትበሉ።

ስለ አምፖልም መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ባሁኑ ጊዜ ብዙ ወጣቶች ፋናውን ትተው አምፖሉን ብቻ ይለውጣሉ። ፋና ማለት አምፖል ብቻ አይደለም። ከአምፖሉ በስተኋላ ያለው የሚያብረቀርቅ ሳህን የተሠራው ክሩ በአንድ የተወሰነ ነጥብ ላይ እንዲሆን ተደርጎ ነው። ኤች 4 እና ኤችኤስ 1 በሚባሉት ባለ ሁለት ክር የሃሎጅን አምፖሎች ውስጥ በአጭሩ ክር ሥር ትንሽ የብረት ጋሻ አለች። የእሷ ሥራ ወደ ታች ሄዶ ከሳህኑ ነጥሮ ወደ ሰው ዓይን የሚወጣውን ብርሃን መከልከል ነው። እዚህ ፋና ውስጥ ያን ነጭ ኤል.ኢ.ዲ አምፖል ስትከቱበት ብርሃኑ ከሌላ ነጥብ ነው የሚነሳው፤ ጠርዙ ይበላሻል፤ ብርሃኑ ይበተናል። ግድግዳው ላይ ስታዩት ጥርት ያለ ጠርዝ የለውም፤ ነጭ ደመና ነው። ያን ደመና በቡሎን ማስተካከል አይቻልም። ኤል.ኢ.ዲ መጥፎ ነው አላልኩም፤ ፋናው ከመጀመሪያው ለእሱ የተሠራ ሲሆን በጣም ጥሩ ነው። ለሌላ የተሠራ ፋና ውስጥ ማስገባቱ ነው ጥፋቱ። ሃሎጅን ስትለውጡ ደግሞ የአምፖሉን መስታወት በባዶ ጣት አትንኩት፤ የእጅ ወዝ ሲግል ያቃጥለዋል። በንጹሕ ጨርቅ ያዙት።

ሁለተኛ ነገር፣ አሮጌ ፋና ስትገዙ ለየትኛው አገር መንገድ እንደ ተሠራ አረጋግጡ። አገራችን በቀኝ መንዳት የጀመረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በግራ ነበር የሚነዳው። እንደ ሕንድና ኬንያ ያሉ አገሮች እስከ ዛሬ በግራ ነው የሚነዱት። አንዳንድ ፋና የራስን መንገድ ዳር ለማሳየት በአንድ ጎን ከፍ ብሎ እንዲያበራ ይሠራል። ለእኛ መንገድ የተሠራው ወደ ቀኝ ዳር ከፍ ይላል፤ ለግራ መንገድ የተሠራው ግን ወደ ግራ ከፍ ይላል። እሱን እዚህ ከሰቀላችሁት ከፍ ያለው ብርሃን የሚሄደው ከፊት ለፊት ወደሚመጣው ሰው ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ስታዩት ብርሃኑ በግራ በኩል ወደ ላይ የሚነሳ ከሆነ ያን ፋና በማስተካከል አትድከሙ፤ በሌላ ለውጡት። መሪው ላይ የምትሰቅሏቸውን ተጨማሪ መብራቶችም ሰው ሲመጣ አጥፏቸው፤ እነሱ አጭር የሚባል የላቸውምና።

ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞቼም «ይሄ የሞተረኛ ነገር ነው» እንዳትሉ። ሦስት ሰው ከኋላ ስትጭኑ የእናንተም አፍንጫ ቀና ይላል። ግድግዳውም ጠመኔውም ለእናንተም ይሠራል።

እስኪ ደግሞ መብራቱ የሚያስቸግራችሁ እናንተ ስትሆኑ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ብድር አትመልሱ። እሱ ዓይኔን አጠፋው፣ እኔም ላጥፋለት ማለት ሁለት ዕውር በአንድ መንገድ ላይ እንዲተላለፉ ማድረግ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ብልጭ አድርጉለት፤ ከገባው ገባው፤ ካልገባው ዝም በሉት። ፍጥነት ቀንሱ። መብራቱን ትክ ብላችሁ አትዩ፤ ዓይናችሁን ወደ ቀኝ፣ ወደ መንገዱ ዳር መልሱና ዳሩን እየተከተላችሁ እለፉ። ጨርሶ ካልታያችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ። መቆም አያሳፍርም።

የማትነዱ እናቶችና አባቶችም ድርሻ አላችሁ። በሰፈራችን ማታ ማታ የሚመጣውን ሞተር ታውቁታላችሁ። መብራቱ ሲያስቸግራችሁ ከቤታችሁ ውስጥ አትርገሙት፤ በማግስቱ ጠርታችሁ፣ «ልጄ፣ መብራትህ ቀና ብሏል፤ እስኪ አሳየው» በሉት። ሞተረኛው በእውነት አያውቅም እኮ። እኔን የነገረኝ ሰው ባይኖር ኖሮ እስከ ዛሬ በዚያው መብራት እነዳ ነበር። ሞተረኞች ደግሞ ስንነገር አንቆጣ። «አጭር ላይ ነው ያደረግኩት» የሚለው መልስ መልስ እንዳልሆነ አሁን ሰምታችኋል።

ወደ ልጁ ልመለስና ላብቃ። እግሩ በክረምቱ መጨረሻ ዳነ፤ ዛሬ ኳስ ይጫወታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የዚያን ዓመት ፈተና ግን በተኛበት አለፈው። ጓደኞቹ ወደ ቀጣዩ ክፍል ሲያልፉ እሱ አንድ ዓመት ቆየ። የሐኪሙን ወጪ እኔ ከፍያለሁ፤ አባቱም ይቅር ብሎኛል። አንድ ዓመት ግን በምን ይከፈላል? እኔ አልገጨሁትም፤ አልነካሁትም፤ አልሮጥኩም፤ ከመንገዴ አልወጣሁም። የትራፊክ ፖሊስም ምንም አላገኘብኝም። ሆኖም ያን ልጅ ቦይ ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያውም በአራት ሴንቲ ሜትር፣ ያውም በ15 ደቂቃ ሊስተካከል በሚችል ነገር።

ስለዚህ ከኮሚቴው ጋር የተስማማንበትን ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በዚህ አዳራሽ የጓሮ ግድግዳ ላይ መስመሩን አስምረን እንጠብቃችኋለን። 5 ሜትሩም መሬት ላይ ይለካል። ሜትሩ፣ ጠመኔውና ቁልፉ ከእኛ ነው። ሞተር ወይም ባጃጅ ያላችሁ ሁሉ የጎማ ንፋሳችሁን ሞልታችሁ፣ መስታወታችሁን አጽድታችሁ ኑ። ማታ ማታ የምታፈናጥጡትን ሰው ወይም የምትጭኑትን ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ክፍያ የለም። በሥራ ምክንያት ቅዳሜ የማይመቻችሁ በማግስቱ በዚያው ሰዓት መምጣት ትችላላችሁ። ልጆች በመብራቱ ፊት እንዳይሯሯጡ ወላጆች አደራ።

የመጀመሪያው ሞተር የእኔ ይሆናል። አንድ ጊዜ አስተካክያለሁ ብዬ የተውኩት ነገር አይደለም፤ ከየክረምቱ በፊት እንደገና እለካዋለሁ። ጠመኔውን የሚይዘው ደግሞ ያው ልጅ ነው፤ እሱ ራሱ ነው «ጋሼ፣ መስመሩን እኔ ላስምር» ያለኝ።

በሉ እንግዲህ፣ ቅዳሜ በግድግዳው ሥር ያገናኘን።